ሰውን ከነቦታው ማንሳት፦ የፖርትሬት ፎቶ ዳራና ፍሬም አመራረጥ

ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ መንደር አንድ ሸማኔ አንስቼ ነበር። ካሜራው አዲስ ነው፤ እኔም ጀማሪ ነኝ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጠምኩ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከፊታቸው በቀር ሁሉም ነገር ብዥ አለ። በጣም ወደድኩት። በሳምንቱ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ሰውየው ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ደጋግመው አዩትና «መልኬስ መልኬ ነው። ሸማዬ የታለ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እግራቸውን አስገብተው የሚውሉበት ጉድጓድ፣ ድሩ፣ መወርወሪያው፣ ጭስ የጠገበው ግድግዳ፣ አንዱም የለም። ፎቶ ቤት ሄደው በመጋረጃ ፊት ቢነሱም ያው ነበር የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ከሰውየው ኋላ ያለውን ነው። ዳራ ምስክር ነው። ስለ ሰውየው የሚያውቅ ይግባ፤ የማያውቅ ይውጣ። ይህን በተግባር እንዴት እንደማደርገው ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። ስልክ ቢኖራችሁም ይሠራል።

1. ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ

ጎጃም ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይቀምሱ መውጣት ያስቀይማል። ስለዚህ መጀመሪያ ተቀመጡ። ቡናውንም ጠላውንም ተቀበሉ። ይህ ጊዜ የባከነ እንዳይመስላችሁ። ቦታ የሚመረጠው ያን ጊዜ ነው።

እየተጫወታችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ብርሃን በየት በኩል ይገባል? ባለቤቱ ማንም ሳያዛቸው የሚቀመጡት የት ነው? እጃቸው ሳያዩት የሚያገኘው ዕቃ የትኛው ነው? ይህ ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናት ጣሳውን ዞር ሳይሉ ከተሰቀለበት ያነሱታል። ሸማኔው መወርወሪያውን እያወሩ ያቀብሉታል። ያ ዕቃ ፍሬሙ ውስጥ መግባት አለበት።

«እዚህ ጋ ይቁሙልኝ» ከማለት «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ የት ነው የሚቀመጡት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ራሱ ቦታውን ይሰጣችኋል።

ፈቃድ የሚጠየቀውም አሁን ነው። ፎቶውን ምን እንደምታደርጉበት፣ የት እንደምታወጡት በግልጽ ተናገሩ። ልጅ ከሆነ ወላጁን፣ የአብነት ተማሪ ከሆነ መጀመሪያ የኔታን ጠይቁ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ቡናችሁን ጨርሱ። ከሰው ኋላ የመንገድ ኬላ፣ ትልቅ ድልድይ ወይም የታጠቀ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ፈልጉ። ለእናንተም ለተነሺውም አይበጅም።

2. ከዳራው በፊት ብርሃኑን ምረጡ

የቱንም ያህል የሚያምር ዳራ ብታገኙ ፊቱ ካልታየ ዋጋ የለውም። ጎጃም ከምድር ወገብ ብዙ የራቀ አገር አይደለም፤ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ግድም ነው። ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ ሰው ብታነሱ ዓይኑ በጥላ ይሸፈናል፤ ግንባሩና አፍንጫው ያበራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው።

በነዚያ ሰዓቶች መድረስ ካልቻላችሁ ታዛ ፈልጉ። ከስቱዲዮ ሁሉ ታዛን አስበልጣለሁ። ጣሪያው ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ ይከለክላል። ብርሃኑ ከግቢው በኩል ፊት ለፊት ይመጣል። በፀሐይ የሞቀው መሬት ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያበራል፤ በነጠላና በባርኔጣ ሥር ያለው ፊት ሁሉ ይታያል። ከዚህም በላይ ታዛ ላይ ሁልጊዜ የቤቱ ነገር አለ። ሞፈርና ቀንበር ተደግፎ ይቆማል፣ እንስራ ይደረደራል፣ በቆሎ ይሰቀላል። ዳራው ሳትለፉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ብርሃናችሁ በሩ ነው። ሰውየውን ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀምጧቸው። ፊታቸውን ወደ በሩ ገደድ ያድርጉት። እናንተ በሩ ላይ አትቁሙ፤ ብርሃኑን ትዘጋላችሁ። ወደ ጎን ሁኑ። ኋላ ያለው ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ጨለማ ይሄዳል፤ ለበሩ የቀረበው ዕቃ ብቻ ይታያል። ስለዚህ እንዲታይ የምትፈልጉትን ዕቃ በዚያው ብርሃን ክልል ውስጥ አስገቡት። ካሜራ ከያዛችሁ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 1600 ወይም 3200 አድርጉ፤ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/125 ሰከንድ አታዘግዩት። ፎቶው ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቢታይ አያሳስብም፤ የሚያበላሸው የተንቀጠቀጠ ፎቶ ነው። ፍላሽ አትጠቀሙ። ፍላሽ ጭስ የጠገበውን ቤት ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ የቤቱን ጠባይ ይገድለዋል።

የገበያ ቀን ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሰማያዊ ሸራ። ከሸራ ሥር የተቀመጠ ነጋዴ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በኋላ በኤዲቲንግ ለማስተካከል ብትሞክሩ ግማሹ ይስተካከላል፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ እርምጃ ወደ ሸራው ጠርዝ ቢጠጉልን ያልቃል።

ወቅቱም ዳራ ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው ብርሃኑን ቀኑን ሙሉ ያለሰልሰዋል፤ ኋላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። መስከረም አደይ አበባ አለ። ኅዳር ላይ ያው ማሳ ወርቅ ይሆናል። ገበሬ ከነማሳው ለማንሳት ስታስቡ «የትኛው ወር ነው ስለ እሱ የሚናገረው?» በሉ። ለእኔ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አውድማ ነው። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ መንሹ ወደ ላይ ሲል፣ ፀሐይዋን ከገበሬው ኋላ አድርጉ። ገለባው በብርሃን ይሞላል። ነፋስ ግን እናንተን ብሎ አይቆይም፤ ገበሬውም ለእናንተ ብሎ ሥራውን ማቆም የለበትም። ቀድማችሁ ቦታችሁን ይዛችሁ ጠብቁ።

3. ምን ይቆይ? ምን ይውጣ?

እዚህ ላይ ብዙ ፎቶ አንሺ ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ዓይን ፍሬም ውስጥ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብሩህና ደማቅ ነገር ነው። ቢጫ ጀሪካን ከፊት በፊት ይታያል። በቆርቆሮ ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይም እንደዚያው። የፕላስቲክ ወንበር፣ የማስታወቂያ ካኔቴራ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእግር ኳስ ተጫዋች ፖስተር ሁሉ ዓይን ይሰርቃሉ።

ታዲያ ሁሉም ይውጣ ማለቴ አይደለም። ውኃ ከሩቅ ምንጭ የሚቀዱ ሴት ከሆኑ ጀሪካኑ ሕይወታቸው ነው። ይቆይ። እንዲያውም ወደ ፊት ይምጣ። የኳስ ፖስተሩም የሸማኔው ልጅ ፍሬም ውስጥ ካለ ስለ ልጁ ይመሰክራል። ጥያቄው «ያስጠላል ወይ?» ሳይሆን «ስለማን ነው የሚናገረው?» ነው።

አንድ ዕቃ መውጣት ካለበት መጀመሪያ እናንተ ተንቀሳቀሱ። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ስትሉ ጀሪካኑ ከሰውየው ትከሻ ኋላ ይደበቃል። ካልሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንሱት፤ ስትጨርሱም መልሱት። ከዚህ አልፋችሁ የሰው ቤት አታስተካክሉ። ከጎረቤት መሶብ ተውሶ ማምጣት፣ የሌለ አገልግል መስቀል፣ የሚለብሱትን አስወልቆ ጥበብ ማልበስ፣ ይህን አልወድም። ያ የእሳቸው ቤት አይደለም። የፈጠራችሁት ቤት ነው።

ሰዎች ራሳቸው ሲዋቡ ግን ሌላ ነገር ነው። እማማ ነጠላቸውን ሊቀይሩ ከገቡ ይግቡ፤ ተጣጥበው ይውጡ። ፎቶ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን አጥፈው፣ ሳይስቁ መነሳት ከፈለጉ መጀመሪያ ያን አንሱላቸው። በደንብ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ሥራ ላይ ሆነው» በሉ። ሁለቱም ፎቶ ይገባቸዋል።

4. ርቀትና ሌንስ

ፉል ፍሬም ካሜራ (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ የሆነ) ካላችሁ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ሰውየውንም ቤቱንም ይይዛል። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ 24 ሚሊ ሜትር ያንኑ ያህል ያሳያል። አፐርቸሩን ከኤፍ 4 እስከ ኤፍ 5.6 አድርጉት። ኋላ ያለው ዕቃ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን ይታወቃል። እኔ የሸማኔውን ሸማ ያጠፋሁት ኤፍ 1.8 ላይ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼው ነው።

በስልክ ከሆነ ዋናውን ካሜራ ተጠቀሙ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትንኩ፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ይለጥጠዋል። ፖርትሬት ሞዱንም አጥፉት። ቦታውን ብዥ ማድረጉ ሳያንስ የነጠላውን ጫፍና የጸጉሩን ዳር አብሮ ይበላል።

ሰውየው ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ከቆሙ ጥላቸው ኋላቸው ላይ ይወድቃል፤ መታወቂያ ፎቶ ይመስላል። አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ይምጡ። እናንተም ወደ ኋላ ሂዱ። ጀማሪ ሁሉ በጣም ይጠጋል።

5. ፍሬሙን መሥራት

ወደዚያ ሸማኔ እንመለስ። ከዓመት በኋላ ሄጄ እንደገና አነሳኋቸው። ድሩ ከፊታቸው ተዘርግቶ ሜትሮች ይሄዳል። በመጀመሪያው ጊዜ ያን አላየሁትም። በሁለተኛው ጊዜ ከድሩ ጎን ተንበረከክኩ። እንዳልነካው በጣም ተጠነቀቅኩ፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል የሰው ሥራ ማስፈታት ነው። ካሜራውን ከድሩ ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ክሮቹ ከፍሬሙ ታችኛ ጥግ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸውም ወደ ፊታቸው ይወስዳሉ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እንዲህ ያለ መስመር በየቤቱ አለ። የበር መቃን፣ የጣሪያ ማገር፣ የአጥር እንጨት፣ የትልም መስመር። ወደ ሰውየው የሚወስደውን ፈልጉ። የበር መቃን ደግሞ ራሱ ፍሬም ነው። የቅኔ ተማሪ በጎጆው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ አስቡ። ለምድ ለብሷል። ኋላው የጎጆው ጨለማ ነው። አራት አምስት ሜትር ራቁና ጎጆውን ከጣሪያው እስከ መሬቱ አስገቡት። የጎጆው ትንሽነት የሚታወቀው ከልጁ ቁመት ጋር ሲተያይ ነው። ተጠግታችሁ ፊቱን ብቻ ብታነሱ ጎጃም ለቅኔ የመጣው ያ ልጅ የማንም ልጅ ይሆናል።

ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጭንቅላቱን ዙሪያ ተመልከቱ። ምሰሶ ከአናቱ የበቀለ ይመስላል? የአድማስ መስመር አንገቱን ይቆርጠዋል? የእኛ አገር ሜዳው ሰፊ ነው፤ አድማሱ ሁልጊዜ አንገት ላይ ይመጣል። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ጭንቅላቱ ሰማይ ላይ ይወጣል። ከፍ ስትሉ ደግሞ ማሳው ውስጥ ይገባል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ሰማይ የምመርጠው ለጮቄ ሰው ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጉም ይወርድበታል። እረኛው ከጅብራው (ከረጅሙ የተራራ ተክል) አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቆም ከኋላው ጉም ብቻ ቢሆን ከፍታውን ሁሉ ይናገራል። ለጣና ታንኳ ሠሪ ግን ተቃራኒውን አደርጋለሁ። ውኃውና ሰማዩ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ፊቱን ያጠቁሩታል። ዞር ብዬ የተደገፈውን የደንገል ነዶ ከፊቱ ኋላ አደርገዋለሁ። ሐይቁን ከላይ በቀጭኑ አስገባዋለሁ። ከምን እንደሚሠራ ታየ፤ የት እንደሚሠራም ታየ።

የተቀመጠ ሰው ስታነሱ እናንተም ዝቅ በሉ። ቆሞ ወደ ታች ሽማግሌ ማንሳት በፎቶም ቢሆን ነውር ነው።

እጅ አትቁረጡ። በዚህ ዓይነት ፎቶ እጅ የፊትን ያህል ይናገራል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከክንድ ወይም ከጭን አጋማሽ ላይ ይሁን፤ ከእጅ አንጓ፣ ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ላይ አይሁን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ስታነሱ ለፈረሱም ይኸው ነው። ኮቴው የተቆረጠ ፈረስ የቆመበት መሬት የለውም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ልጨምር። ዘጌ ላይ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው። አባን በሥዕሉ ፊት ማንሳት ሁሉም ሰው ያምረዋል። ችግሩ ሥዕሉ ራሱ ፊት በፊት ነው። ሃያ ትልልቅ ዓይኖች ከአባ ኋላ ያያሉ፤ የአባ ዓይን ይጠፋል። ሁለት መፍትሔ አለኝ። ከሥዕሉ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ፊት እንዲመጡ እጠይቃለሁ፤ ሥዕሉም ለስለስ ይላል። ወይም ትልቁን የእንጨት በር ዳራ አደርጋለሁ። በሩ ጸጥ ያለ ነው። ሥዕል ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አታብሩ፤ ከመጋረጃው ወዲያም አትመልከቱ።

6. ነጠላና ካሜራ

ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ፎቶውን ያጨልማል። ነጠላ የለበሰች ሴት ፊቷ ጠቁሮ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ መልኳ አይደለም። በስልክ ከሆነ ፊቷ ላይ ንኩና የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቡ። በካሜራ ከሆነ ኮምፔንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያበራውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) +0.7 ወይም +1 አድርጉ። ከዚያ አጉልታችሁ ነጠላውን እዩ። የክሩ ሥራ ካልታየ በዝቷል፤ ትንሽ መልሱ።

ጥቁር ግድግዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ጸጉር ይዋጣል። ሰውየውን በትንሹ ወደ በሩ አዙሯቸው። የጉንጫቸውና የጸጉራቸው ዳር ብርሃን ይይዛል፤ ከግድግዳው ይለያል።

7. በአውራ ጣት መፈተን

ከማመስገናችሁ በፊት ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ክፈቱ። ፊቱን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። የቀረውን ብቻ አይታችሁ ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚኖር ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዳራው ዝም ብሏል። አሁን ዳራውን ሸፍኑና ፊቱን ብቻ እዩ። ፊቱ ዓይናችሁን ይይዛል? ካልያዘ ዳራው ሰውየውን ውጦታል። እንደገና አንሱ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ነው፤ ጊዜ አለ።

ዙሪያውን ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ፤ ቤት ገብታችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አርኖልድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1946 የሙዚቃ ቀማሪውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ያነሳበት ፎቶ በዓለም የታወቀ ነው። ሰውየው ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ናቸው፤ ከቀረው ቦታ አብዛኛውን የፒያኖው ክዳን ይዞታል። ያ ፍሬም የተገኘው ከሰፊው ኔጋቲቭ ላይ ተቆርጦ ነው። ሰፋ አድርጋችሁ ካላነሳችሁ ግን የሚቆረጥ አይኖራችሁም።

8. አሳጥባችሁ መልሱ

በስልክ ማሳየት አይበቃም። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ፎቶ ቤት ሞልቷል። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር አሳጥቡ፤ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይበቃል፣ ዓይናቸው ለደከመም ይታያል። ከማሳጠባችሁ በፊት ጥቁሩን ትንሽ ገለጥ አድርጉት፤ ወረቀት ላይ ከስክሪን ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ከኋላው በእስክሪብቶ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉ። በሁለት ካርቶን መሐል አድርጉት፤ በሚኒባስ ሲሄድ አይታጠፍም።

ለዚያ ሸማኔ ሁለተኛውን ፎቶ ስወስድላቸው ከፊታቸው በፊት ድሩን ነው ያዩት። በጣታቸው ከጥግ እስከ ጥግ ተከተሉት። «ይሄኛው አልተበጠሰም» አሉና ከበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀሉት።